ሁሉም ድንጋዩን ያያል፣ ከሥሩ ያለውን ማን አየልኝ?

ዛሬ ጠዋት እማዬ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል ያ ድንጋይ እንደገና ከእግሯ ሥር ተወዛወዘ። የበሩን መቃን ይዛ ተረፈች። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግን ያው ድንጋይ ነው የጣላት፤ እጇ ላይ የታሰረው ፋሻ የተፈታው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። በ72 ዓመቷ፣ በገዛ ጓሮዋ፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ደስ ይበላት ብለን ባስነጠፍነው ድንጋይ! የሆዴን ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን ቃሊቲ ነው። ጓሮው ክረምት ክረምት ጭቃ፣ በጋ በጋ አቧራ ነበር። ከወጥ ቤቱ በር እስከ አቮካዶው ዛፍ ድረስ 4 በ5፣ 20 ካሬ የሚሆን ቦታ አለ። እሱን በጠፍጣፋ ድንጋይ ማስነጠፍ የእማዬ የስንት ዓመት ምኞት ነው። እኔም በችኮላ አልገባሁበትም። እማዬን ቁጭ አድርጌ እየጠየቅኩ፣ በሜትር እየለካሁ፣ በካሬ ደብተር ላይ ሣልኩት። ረከቦቱ ከነፋስ እንዲከለል በሰርቪሱ ግድግዳ በኩል አደረግነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው ቦታ ለየን። በግ የሚታረድበትና ልብስ የሚታጠብበት ጥግ ውሃው ቶሎ ወደ ቦዩ እንዲሄድ ከሁሉም ዝቅ ይበል አልን። አቮካዶው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል አፈሩ ክፍት ይቅር፣ ሥሩ ውሃ ያግኝ፣ ድንጋዩንም አይፈንቅል አልን። ሰው ከጠረጴዛው ሲነሳ የወንበሩ እግር ከንጣፉ እንዳይወርድ እንኳ ወንበር አውጥቼ ወደ ኋላ እየሳብኩ ለክቻለሁ።

ይህን ይዤ ሦስት ግንበኛ አነጋገርኩ። ሦስቱም ደብተሩን አላዩትም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ድንጋዩ ምን ይሁን? የአምቦ ነው ወይስ ጥቁሩ? ቫርኒሽ ይቀባ?»

ድንጋይ መምረጥ ዋጋ የለውም አላልኩም። የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ ነው፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው፣ ግን ውሃና ቅባት ይመጥጣል። በግ የሚታረድበት ጥግ ላይ ከነጠፋችሁት የጮማውን እድፍ ይዞ ይቀራል። ባዛልት ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ላዩ በጣም ከለሰለሰ ክረምት ላይ ያንሸራትታል። ቫርኒሽ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፤ አሮጊት ባለችበት ቤት መቀባት የለበትም። ይህንን ሁሉ አስቤበት ነበር። እኔ ልጠይቃቸው የፈለግኩት ሌላ ነው። «ከሥሩስ ምን ይደረጋል?» ስላቸው መልሳቸው «እህቴ፣ እሱን ለእኛ ተዪው» ነው።

እንዴት ልተወው? የቃሊቲ መሬት መረሬ ነው! ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ሁሉ ብዩ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ቀርታበታለች። ያ አፈር ሲያብጥ ከላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ይነሳል፣ ሲደርቅ ጥሎት ይወርዳል። ያውም እኩል አይደለም የሚያነሳው፤ ከአሸንዳው ሥር ያለው ብዙ ስለሚጠጣ ብዙ ያብጣል፣ በቆርቆሮ የተከለለው ግን ደርቆ ባለበት ይቀመጣል። አንዱ ድንጋይ ሽቅብ፣ ጎረቤቱ ቁልቁል።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር መረሬው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ፣ ማለትም የማያብጥ ድንጋያማ አፈር፣ ይገባል። ገረጋንቲውም በአንዴ አይደፋም፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚሞላው። 20 ካሬ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ቢቆፈር 9 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ አንድ ሲኖ ገልባጭ መኪና እንኳ አይሞላም። የቁፋሮውን፣ የቢያጆውን (የማመላለሻ መኪናውን)፣ የገረጋንቲውን እከፍላለሁ አልኩ። ሥራውን የወሰደው ሰውዬ ምን አለኝ? «እህቴ፣ አስፋልት ልታሠሪ ነው እንዴ? ሰው ብቻ እኮ ነው የሚሄድበት!» ድንጋዩ ራሱ ሸክም መሆኑን እንኳ ሊያስብ አልፈለገም። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ በካሬ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። 20 ካሬ ማለት 20 ኩንታል ነው። 20 ኩንታል በሚያብጥና በሚሟሽሽ አፈር ላይ!

እኔ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምመለሰው፤ ቀን ግቢ ውስጥ ያለው ወንድሜ ነው። ሠራተኞቹ በሁለት ቀን ጨርሰውታል። በዶማ ላይ ላዩን ፍቀው፣ አሸዋ በትነው፣ ድንጋዩን በሲሚንቶ ለጥፈው ሄደዋል። ንድፉን ያወጣሁት እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ሲጠይቁ የነበረው ግን ወንድሜን ነው። «ይሁን ወይ?» ይሉታል፣ እሱም ስለ ነገሩ ስለማያውቅ «ይሁን» ይላቸዋል። ደብተሬ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሴት የተናገረችው የግንባታ ነገር ከጆሮ የማይገባው እስከ መቼ ነው?

ተዳፋቱን ልንገራችሁ። በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ እየራቀ ዝቅ እንዲል ነበር የጻፍኩት፤ በ4 ሜትር 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። ሰውዬው «ዘመም ካለ አያምርም፣ እኔ የምሠራው በውሃ ልክ ነው» ብሎ ጠረጴዛ አስመስሎ አስተካከለው። ንጣፉ ከወጥ ቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ሲገባው ከደፉ ጋር አገናኘው። አዲስ አበባ እኮ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ዶፍ 20 ካሬ ላይ 600 ሊትር ነው፣ ሦስት በርሜል። ከጣራ የሚወርደው ሳይቆጠር። ያ ሦስት በርሜል ውሃ ወዴት ይሂድ? በሩን ከፍቶ ገባ። ሐምሌ ላይ የጤፍ ዱቄቱ ጆንያ ከሥር ርሶ ሻግቶ አገኘነው። እማዬ ዱቄቱን በእጇ እያፈሰች እያሸተተች የቆመችው እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው።

እሷ ከወደቀች በኋላ ከወንድሜ ጋር ያንን ድንጋይ በዲጂኖ አንስተን ከሥሩ አየነው፤ መልሰንም አስቀመጥነው። ከሥሩ ሲሚንቶው አልተነጠፈም፤ አራቱ ማዕዘንና መሐሉ ላይ ጉች ጉች ተደርጓል። የቀረው ባዶ ነው። ባዶው ውስጥ ውሃ ተኝቷል፣ ጥቁር፣ የሚሸት። ጉችታዎቹ ከአፈሩ ጋር አብረው ተነስተው ሁለቱ ተሰብረዋል። ሌሎቹን በመዶሻ እጀታ ብንነካካቸው ግማሹ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው። ድንጋዩ ደግሞ ትንሽ ናት፣ ግማሽ እንጀራ የማታክል ሦስት ማዕዘን። በር ሥር! ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው ቦታ ላይ፣ ዳር ላይ፣ ፍርፋሪ ይደረጋል? ትልልቁ ለበሩና ለዳሩ ነው፣ ትንንሹ መሐል ገብቶ በዙሪያው ይታቀፋል። ለዚህ ነበር መጀመሪያ ያለ ሲሚንቶ ደርድራችሁ አሳዩኝ ያልኩት። ቅርጽ የሌለው ድንጋይ ሲደረደር አራት ጥግ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት የለበትም፣ መጋጠሚያውም ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሆኖ መሄድ የለበትም፤ ስንጥቅ የሚሄደው በዚያ ነው። የኛ ሦስት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሦስቱም እንዲህ ዓይነት መስመር ላይ ነው።

የሚያናድደኝ ሙያው አገር ውስጥ የሌለ አለመሆኑ ነው። የኮብልስቶን ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ስንትና ስንት ወጣት ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ተምሯል። ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከሥር ይጠቀጠቃል፣ አሸዋ ይስተካከላል፣ መንገዱ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። በመጋጠሚያው አሸዋ ስለሆነ የሚገባው መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰበርም፤ ቢሰምጥም ተነስቶ እንደገና ይነጠፋል። መኪና የሚሄድበት እንዲህ ይሠራል። የሰው ግቢ ሲገባ ያ ሁሉ እውቀት የት ይሄዳል?

እኔ ምክንያቱን ያገኘሁት ይመስለኛል። እጅ ዋጋ የሚከፈለው በካሬ ነው። ላይ የሚታየው ይቆጠራል፣ ቁፋሮው አይቆጠርም። በካሬ የሚከፈለው ሰው አንድ ቀን ሙሉ ቢቆፍር ያ ቀን ለእሱ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ አይቆፍርም። እኛም አሠሪዎቹ «በካሬ ስንት ነው?» ብለን ርካሹን እንመርጣለን፣ ለፋሲካ የመጣ እንግዳም «ወይ ሲያምር!» ብሎ ይሄዳል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልን ያደግን ሰዎች ነን እኮ!

ሰውዬውን ስደውልለት መጀመሪያ «ሲቆይ ይረጋል» አለኝ። እማዬ ከወደቀች በኋላ «ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን» አለ። አሁን ስልኩን አያነሳም። የእናቴን እጅ ማን ይከፍላል? ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም። ቡና ያፈላችለት፣ ምሳ ያበላችው ሴት ናት።

አሁን በር ሥር ያሉትን ድንጋዮች አንስተን አጥሩ ሥር ደርድረናቸዋል፣ በቦታቸው ሳንቃ ጥለናል። የቀረውን ኅዳር ላይ መሬቱ ሲጠጥር ሁሉንም አንስቼ እንደ አዲስ ላስቆፍር ነው። ቁፋሮውንና ገረጋንቲውን በሜትር ኩብ፣ ንጣፉን በካሬ ለየብቻ እከፍላለሁ። ድንጋይ ሳያመጣ በፊት የተጠቀጠቀውን መሬት የሚያሳየኝ፣ ሲጨርስም ቱቦ ከፍተን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አብሮኝ ቆሞ የሚያይ ግንበኛ የምታውቁ በውስጥ መስመር ስልኩን ላኩልኝ። እማዬ ዘንድሮ በርበሬዋን ጎረቤት ግቢ ልታሰጣ ተስማምታለች።