ባቡሩ ድሬ አይገባም

ባለፈው ጥር ድሬዳዋ በባቡር ገባሁ፤ መግባት ከተባለ። ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ የጠበቀኝ ሜዳ፣ ፀሐይና የባጃጅ ሰልፍ ነው። አንድ ልጅ ሻንጣዬን ተቀበለኝና "ከዚራ ነው ጋሼ?" አለኝ፤ መሃል ድሬ ያለውን የድሮ ሰፈር ማለቱ ነው። ባቡሩ ለምን ከተማ እንደማይገባ ስጠይቀው ሳቀ። "አቦ ጋሼ! እሱ ከገባ እኛ ምን እንብላ?"

ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ግን ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ከተማዋን የወለዳት እኮ ባቡር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርና፣ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሀዲድ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሐሳቡ ሐረር ማድረስ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነና ሀዲዱ ሐረርን ከላይ ትቶ በግርጌ አለፈ። በ1902 መጨረሻ ከጂቡቲ የመጣው ባቡር ቆላው ላይ ቆመ፤ የቆመበትንም ቦታ "አዲስ ሐረር" አሉት። የዘመናት የንግድ ከተማ ከነግንቧ ላይ ቀረች፣ ነጋዴው ግመሉን እየነዳ ወደ ታች ወረደ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። (የሐረር ዘመዶቼ ይህን ሳነሳ ወሬ ያስቀይሱኛል።)

አሮጌው ጣቢያ ከዚራ ውስጥ ነው። ከባቡር የወረደ ሰው በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግሩ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ማዶ ያለው ሰፈር መጋላ የሚሄደው የደቻቱን ወንዝ ይሻገራል። ባቡሩ ቀርፋፋ ነበር፣ ይበላሻል፣ አንዳንዴ በረሃ ላይ ያሳድራል። ግን በየመንደሩ ይቆማል። ኤረር የምትባለው ጣቢያ ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገባል፣ ሳንቲም በመስኮት ይወጣል። ከጂቡቲ በኩል የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ሦስት ቀሚስ ደርበው፣ ፈታሹ ፊት በላብ ተጠምቀው፣ "ብርድ ይዞኝ ነው" ይላሉ። ስንት ልጅ የተማረው በዚያ ቀሚስ ነው!

አዲሱ ባቡር በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣቢያውን ከከተማ ውጭ ማድረግ የራሱ ምክንያት አለው፦ መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ቤት አይፈርስም፣ ከሰውም ይልቅ ኮንቴይነር ይቀድማል። ኮንቴይነር ደግሞ ከዚራ ገብቶ ማኪያቶ አይጠጣም። አዲስ አበባም ያው ነው፤ መሃል ከተማ ያለው ለገሀር ስሙን ያገኘው "ላ ጋር" ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፣ ማለትም ከባቡር ጣቢያ፣ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ተሳፋሪው የሚነሳው ከከተማው ዳር ከለቡ ነው።

አሁን የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር የገባላት በ1978 ነው። ጣቢያው መሃል ከተማ ነው። ፌንተን ጎዳና ላይ የተደረደሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከዚያ በእግር ይደረስባቸዋል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሽንብራ ሽሮ ሸቶት ይታጠፋል። አሁን ደግሞ ፐርፕል ላይን የሚሉት 26 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጣቢያ ያለው ቀላል ባቡር እየተሠራ ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በ2017 ሲሆን ይኸውና እስካሁን ተሳፋሪ አልጫነም።

ስለ መንገድ ሥራ ሕዝብ በሚጠየቅበት አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ሰው ባለቀለም ወረቀት እየለጠፈ "እዚህ መሻገሪያ ይሁን" ይላል። ጥሪው በአማርኛም ተተርጉሞ ነበር፤ ተርጓሚው ግን ስብሰባውን "ሕዝባዊ ችሎት" ብሎት፣ ጎረቤቴ ባለ ሱቋ ተከሰስኩ ብላ ወረቀቱን ይዛ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ነገሩ ሲገባት ግን እጇን አወጣች። "መንገዱን ስትዘጉት ደንበኛዬ በየት ይግባ?" አለች። ጻፉላት። መንገዱም ተዘጋ፣ ደንበኛም ቀነሰ። ስለዚህ አሜሪካ ሰው ስለሚጠየቅ ሁሉ ነገር ያምራል የሚለኝን አልሰማም። ያም ሆኖ የእሷ ጥያቄ በስሟ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በዚህ እቀናለሁ። ኤረር ላይ ብርቱካን ትሸጥ የነበረችውን ሴት ግን ባቡሩ የት ይቁምልሽ ብሎ የጠየቃት ማን ነው?

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ አሮጌውን ጣቢያ ላየው ሄድኩ። የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ግንባሩ ላይ እንዳለ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በግቢው የጥገና ክፍል ነበርና ዘበኛውን ለመንኩት፤ የአባቴን ስም ስነግረው ከወንበሩ ተነስቶ አስገባኝ። ሀዲዱ መሃል ፍየል ተኝታለች። ትንሽ እንደቆየሁ ስልኬ ጮኸ፣ ያ የባጃጅ ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ ነገ በሌሊት ልምጣ? ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ያመልጥሃል።"