ዝም ያለ ፈረስ ሁሉ ጤነኛ አይደለም

ስለ ጋሪ ፈረስ «ቻይ ነው፣ ብዙም አይሰማው» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ይህ ግምት ፈረሱን እየጎዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ጥናት ጅራፍ ከሚያርፍበት ዳሌ የተወሰደ የፈረስ ቆዳን ከሰው ቆዳ ጋር በአጉሊ መነጽር አነጻጽሯል። የላይኛው ሽፋን ውፍረትም ሆነ በውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች ብዛት ጉልህ ልዩነት አልነበራቸውም።

የሕመም ምርመራ በእጅ መጀመር የለበትም። ፈረሱ ከጋሪው ተፈትቶ ይረፍ፤ ከዚያ ከጥቂት ሜትር ርቀት ፊቱ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፊት ሕመም መለኪያ ስድስት ነገር ይመለከታል፦ ወደ ኋላ ደርቀው የቀሩ ጆሮዎች፣ የጠበበ ዐይን፣ ከዐይን በላይ ያለ ውጥረት፣ የተወጠረ የመንጋጋ ጡንቻ፣ የተጨበጠ አፍና ጎላ ያለ አገጭ፣ የተወጠረ አፍንጫ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 12 ይደርሳል። የሚያንቀላፋ ፈረስም ዐይኑን ያጠብባልና በአንድ ዕይታ አይፈረድ።

ቀጥሎ ፈረሱ በስንት ግፊት ሕመም እንደሚሰማው የሚያሳየው የግፊት መለኪያ ይመጣል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ቦታው ይበልጥ ያመዋል። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጫፍ ያለው መሣሪያ በቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይያዝና ግፊቱ በእኩል ፍጥነት ይጨመር። ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ ወይም ፈረሱ ሸሸት ሲል ወዲያው ይለቀቅና ቁጥሩ ይመዝገብ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተቻኩሎ የሚጫን ሰው፣ ፈረሱ ምላሽ ሰጥቶ እጁ እስኪቆም ድረስ ግፊቱ ያልፈዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ይልና የታመመው ፈረስ ደህና ይመስላል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ መጫንም በተቃራኒው ያሳስታል፤ ፈረሱ ይማርና ገና ሳይነካ ይሸሻል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ፣ በመሃል ፋታ እየሰጡ ለክቶ አማካዩን መያዝ፣ ከዚያም ግራን ከቀኝ ማወዳደር ይበጃል። ከሌላ ፈረስ ቁጥር ጋር ማወዳደር ግን ብዙም አይረዳም። ፈረሱ ደንግጦ ከሆነም ይቆይ፤ ድንጋጤ ሕመምን ለጊዜው ይሸፍናል።

ገጣባው ራሱ አይጫን። ዙሪያው፣ በተለይ የጋሪው ማሰሪያ የሚያርፍበት ደረትና ትከሻ፣ ይበቃል።

ለሰኮና ረጅም እጀታ ያለው ጉጠት ያስፈልጋል። ከተረከዝ ተነሥቶ ጠርዙን እየተከተሉ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት መጭመቅ፣ የሸሸበትን ቦታ ደግሞ ማረጋገጥ ነው። ጤነኛው እግር ይቅደም፤ የዚያ ፈረስ ልማዳዊ ምላሽ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሰኮናው በጣም የደረቀና የጠነከረ ከሆነ ግፊቱ ወደ ውስጥ ስለማይደርስ፣ ፈረሱ አልሸሸም ብሎ ወደ ጋሪው መመለስ አይገባም።