የድንብላል ችግኝ በፕላስቲክ እያፈላችሁ የምትሸጡልን ሰዎች፣ በቃችሁ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ጅማ ውስጥ ችግኝ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ድንብላል በጥቁር ፕላስቲክ ፈልቶ ተደርድሯል። ይገዛል፣ ይተከላል፣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀጭን አገዳ መዝዞ ያብባል። ከዚያ «የጅማ አፈር ለድንብላል አይሆንም» ይባላል። አፈሩ ምን አደረገ?

ቃሪያና ጎመን ተነቅለው ቢተከሉ ይችሉታል። ድንብላል ያለው ቁልቁል የሚወርድ አንድ ዋና ሥር ነው፤ ያ ሥር ፕላስቲኩ ጋ ሲደርስ ይጠማዘዛል፣ ሲዛወር ይበጠሳል። የተጎዳ ድንብላል ቅጠሉን ትቶ ዘር ለመተካት ይሮጣል። አገዳ ካወጣ በኋላ ጫፉን ብትቀጥፉትም አይመለስም፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል እየሳሳ ይሄዳል። የአገራችን ድንብላል ደግሞ ሲመረጥ የኖረው ለፍሬው ነው፤ ድሮም ለማበብ ሰበብ አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው እኮ ከሂርማታ ገበያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል ለሚበቃው ነገር ነው! ያልታመሰ መሆኑን ጠይቁ፣ ነቀዝ የበሳውን ለቅማችሁ ጣሉ። እያንዳንዷ ድቡልቡል ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለ፤ ጠርሙስ ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉባትና ለሁለት ትከፈል። ትከፈል ነው ያልኩት፣ ትፈጭ አላልኩም። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደርና መደቡ ላይ በቀጥታ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አልብሳችሁ ዝሩት። በመስመርና በመስመር መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሲበቅል ለቅጠል ከሆነ በ5፣ ለፍሬ ከሆነ በ15 ሳንቲ ሜትር አሳሱት። ለመብቀል ከ7 እስከ 20 ቀን ይፈጃል። በአምስተኛው ቀን «አልበቀለም» ብሎ መደቡን የሚጭር ሰው እጁ ይታሰርልኝ!

ሐምሌ ላይ የሚዘራውስ? የጅማ ዝናብ እየታወቀ፣ ሸክላነት ያለው ቀይ አፈር ላይ፣ ያውም ውሃ በሚያቁር ጉድጓድ! ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ይጠቁርና ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሉ፣ መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ ዝሩ። በበጋው ሥሩ ሳይደርቅ በየጠዋቱ አጠጡ፤ የከሰዓት ጥላ ካገኘ ደግሞ እሰየው። ትኩስ ፍግ አትጨምሩበት፣ ቅጠሉ ይንዠረገግና መዓዛው ይጠፋል። ቅጠል እንዳይቋረጥበት የሚፈልግ ሰው በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይዝራ እንጂ አንዱን መደብ እየላጨ አያልቅስ።

ግንዱና ፍሬው ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ካያችሁ በሽታ ነው። ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ከዚያ መደብ ዘር አታስቀሩ፣ ቦታም ቀይሩ። «አንዳንዱ ደህና ነው» ብሎ ያንኑ ለጎረቤት በዘርነት ማደል ደግሞ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ሌላው «ፍሬው ሸተተ፣ ተበላሸ» እየተባለ የሚነቀለው ነው። አረንጓዴ ፍሬ ትኋን ትኋን መሽተቱ ተፈጥሮው ነው፣ በስሎ ሲደርቅ ይለወጣል። አብዛኛው ቡናማ ሲሆን ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ እጨዱት፤ ቀትር ላይ ከነካችሁት ለዳጣ የታሰበው ፍሬ መሬት ላይ ይረግፍላችኋል።