ለልጃችን ምሕረት፣ ለሰው ልጅ እስር

የጎጃም ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ደስ አይላችሁም። ግን ስሙኝ።

አንድ ጎረምሳ ለራሱ ሊያጨስ የጠቀለላት ሀሺሽ ኪሱ ውስጥ ተገኘች እንበል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ባሕር ዳር ወሬያችን ያው ነው። የድሃ ልጅ ከሆነ «ይበለው፣ ይታሰር» እንላለን። የራሳችን ልጅ ሲሆን ግን ማታውኑ ጋቢያችንን ደርበን ዐቃቤ ሕጉ ቤት እንሄዳለን። ዘመድ እንቆጥራለን። ገንዘብ ይዘን የምንሄድም አለን። ነውር ነው!

ያው ዐቃቤ ሕግ የሌላውን ሰው ልጅ መዝገብ ሲዘጋ ደግሞ «በልቶ ነው» የምንል እኛው ነን። ማስረጃ አይተናል? አላየንም። ሕጉ ምን ይላል ብለን ጠይቀናል? አልጠየቅንም።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ክስ የማይቀርብባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንዱ ማስረጃው ለጥፋተኝነት የማይበቃ ሲሆን ነው። ሌላው የሕዝብ ጥቅም ነው፤ ለዚህኛው ግን ከበላይ የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ክስ አልመሠርትም ያለ ዐቃቤ ሕግ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። እንግዲህ መዝገብ ስለተዘጋ ብቻ ሰውን ሌባ አትበሉ። ወንጀሉ ተመሳሳይ ሆኖ ለባለዘመዱ ከተዘጋና ለድሃው ከተከፈተ ያን ጊዜ ጩኹ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያልን ያደግን ሰዎች አይደለንም እንዴ?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕጽ ላይ ይጨክናል። ይጨክን። በትምህርት ቤት በር ላይ ለሚሸጠው አልከራከርም። ነገር ግን ገዝቶ ያጨሰውን የ18 ዓመት ልጅ ከሻጩ እኩል እንዲቀጣ መመኘት ግፍ ነው። በየሰርጉና በየድግሱ «ቅመስ» እያልን አረቄ የቀዳንለት ልጅ እኮ ነው። እስር ቤት ቢከርም ማን እንደሚያስተምረው ደግሞ ታውቃላችሁ።

በማታ የሚደረገው ልመና ይቅር። ልጁን የሚያውቅ ጎረቤት፣ መምህርም ሆነ የንስሐ አባት በቀን፣ በሥራ ሰዓት ቢሮ ገብቶ እውነቱን ይናገር። የመጀመሪያው ከሆነ የመጀመሪያው ነው ይበል። ደጋግሞ ከሆነም አይደብቅ። ለጎረቤት ልጅም እንዲሁ አድርጉ፣ ጠያቂ ለሌለው የሊስትሮ ልጅም። መዝገቡ ከተዘጋ ደግሞ ምክንያቱ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ።