ኢሰመጉን አግዶ ስለ ንቁ ዜጋ ማውራት

በ2017 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) ታገደ። በኅዳር ካርድ የተባለው የመብትና የዴሞክራሲ ድርጅትና ሌሎች ታግደው ነበር፣ በታኅሣሥ ተራው የኢሰመጉ ሆነ። ካርድ ሲታገድ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከፖለቲካ ገለልተኛ አይደለህም የሚል ነበር።

ገለልተኛ ከማን? ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው ያዘ ብሎ የሚጽፍ ድርጅት በያዡና በተያዘው መሐል ቆሞ ይጻፍ? ሕጉ እኮ ራሱ መሐል ላይ አይቆምም።

ፖለቲካውን ለፓርቲዎች ትታችሁ ልማት ላይ አተኩሩ የሚሉም አሉ። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ደብተር አድሉ። መልካም። የጉድጓዱ ገንዘብ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ ግን በደብተር እደላ አይፈጠርም።

እስቲ የ1997ን ምርጫ አስታውሱ። ክርክሩንና ሰልፉን ሁሉም ያወራዋል፣ እኔ የምለው ስለ ፍርድ ቤቱ ነው። ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶችን ምርጫ መታዘብ በዓላማችሁ ውስጥ የለም ብሎ ከለከለ። 35 ድርጅቶች ተሰባስበው ቦርዱን ከሰሱት። ረቱት። ቦርዱ ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፈረደላቸው። የምርጫው ቀን ግንቦት 7 ሊደርስ የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበሩ እንደልብ ታዛቢ ማሰማራት አልተቻለም። ይሁን። ግን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ባደግንበት አገር፣ የመንግሥት ተቋም ተከሶ በአደባባይ ተረታ! ማንም ጠመንጃ አላነሳም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ፋይል ተከፈተ፣ ተከራከሩ፣ አሸነፉ። ይህን ያህል የሚያስተምር የሥነ ዜጋ መጽሐፍ እኔ አላየሁም። ዛሬ ኩርፊያው ሁሉ ወደ ጫካ የሚሮጠው ያቺ መንገድ ስለተዘጋች ነው ብዬ አምናለሁ።

መዝጊያው ደግሞ በ2001 መጣ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ አይሥራ ተባለ። ኢሰመጉ ከስሙ ላይ ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ሳይቀር ወድቆበት ለዓመታት ሰመጉ ሆኖ ኖረ። በ2011 ያንን የሻረው አዋጅ 1113 ሲወጣ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እጄን ኪሴ ብከት ይሻለኝ ነበር።

ሲቪል ማኅበራቱም ጉድ የለባቸውም አልልም። የሆቴል አዳራሽ፣ አበል፣ ሁለት የሻይ ዕረፍት፣ ባነር ፊት ፎቶ። ዜጋን ማንቃት በሚል ርዕስ ተሳታፊው የሚያንቀላፋበት ሥልጠና ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ግን በማስተኛት የታገደ ድርጅት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሚታገደው በደል መዝጋቢው ነው፣ መግለጫ የሚያወጣው ነው።

ባለሥልጣኖቻችን ንቁ ዜጋ ሲሉ የሚታያቸው ወረዳ ሲጠራው አካፋ ይዞ ከች የሚል ሰው ነው። ችግኝ ይትከል፣ ደም ይለግስ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እኔም እተክላለሁ። ግን የዚያ ሰው ልጅ ሌሊት ከቤት ተወስዶ የት እንዳለ ቢጠፋስ? ከእገዳው በፊት ኢሰመጉ ቢሮ ሄዶ አቤት ይል ነበር። ኢሰመጉ ሲታገድስ የት ይሂድ? ችግኝ ና ትከል ብሎ የጠራውን ወረዳ ይጠይቅ?