ሬዲዮዎን ቀነስ ያድርጉልን

የከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስቱዲዮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ሰፈሩ ግን ዛሬም ድረስ ጣቢያው በስተጓሮ ዶሮ ያረባል ብሎ ያምናል።

በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ይከፍላቸው ነበር። የእኛን ለመለየት አዋጅ ማገላበጥ አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ አብሮን የሚጠፋው እሱ ነው።

አዘጋጁ አንድ ልጅ ነው። በጎ ፈቃደኛ ይባላል፤ ደሞዝ የለውም ማለት ነው። ጠዋት የጤና ባለሙያ፣ ከሰዓት የኪነ ጥበብ ሰው፣ ማታ የዓለም ጉዳዮች ተንታኝ። ልጁ አንድ ይሁን እንጂ ድምፁ ሦስት ነው። ለጤና እንደ ነርስ ይለሰልሳል። ለኪነ ጥበብ ከኋላው ዋሽንት አስገብቶ ያቃስታል። ለዓለም ጉዳይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያኔ እናቱም አታውቀው።

መጋቢት 2013 ላይ ኤቨር ጊቭን የምትባል 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ አግድም ተሰነቀረች። ስድስት ቀን። ልጃችን ስድስቱንም ቀን ተነተነ። ነፋሱ፣ አሸዋው፣ ጎታች ጀልባው አንድም አልቀረው። ወደብ የሌለን፣ ቦይ ሲባል የመንገድ ዳሩን የቆሻሻ ውሃ የምናስብ ሰዎች ሻይ ቤት ውስጥ ስለ መርከብ አወጣጥ ልንደባደብ ደረስን። ፀጉር አስተካካዬ አፍንጫዋ በየት በኩል መጎተት እንዳለበት በምላጭ አገጬ ላይ አሳየኝ። ጠባሳው አለ።

በዚያው ሰሞን የከተማችን ቧንቧ ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። በዜናም በትንታኔም አልተነሳም። አንድ ቀን ልጁን መንገድ ላይ ይዤ፣ «ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ (አራተኛ ድምፅ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት)፣ «የስዊዝ ሰዎች ቢሮ ጠርተው አይቆጡኝም።»

ጠዋት ጠዋት ግን ስለ ውሃ ይወራል። ዘመኑ የኮሮና ነው፤ እጃችሁን በውሃና በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጠቡ ይለናል። ሳሙናውን እያየን እንሰማለን። አንድ ጠዋት ደግሞ ስለ ተቅማጥ ያስተምራል። ለምለም የሚባለውን የሚበጠበጥ ዱቄት ካጣችሁ፣ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ አለ። ስልክ ተደወለ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ሃሎ!»

«እማማ፣ ሬዲዮዎን ቀነስ ያድርጉልን።»

«ሃሎ! አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ልጆቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ የእድሬን ሰዎች፣ ጅዳ ያለችውን እህቴን ሰላም በልልኝ።»

«እሺ እማማ፣ ስለ ተቅማጥ አስተያየትዎ?»

«ስኳሩን ሸማቾች ተሰልፌ አግኝቻለሁ። ጨውም አለኝ። ውሃውን ግን ከየት...»

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

«መስመሩ ተቋርጧል፤ ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

ጅዳ ድረስ ሰላም ስትል ደህና የነበረ መስመር ነው እንግዲህ።

መርከቧ መጋቢት 20 ተላቀቀች። በማግስቱ በኪነ ጥበብ ሰዓት አንድ አዝማሪ ተጋበዘ። ሁዳዴ ነው፤ ጠጅ ቤቱ ጭር ብሎበት ሥራ ፈትቷል። ማሲንቆውን ቃኝቶ ጣቢያውን አወደሰ፣ ልጁን አወደሰ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ለካ ሽልማት ነው። ልጁ ከኪሱ 50 ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት አሉ። በሬዲዮ ስለማይታይ፣ «አሁን 50 ብር ለጠፍኩ» ብሎ ራሱ ነገረን። ቀጥሎ አድማጭ እየደወለ ግጥም ይስጥ ተባለ። እኚያው እናት ገቡ። ድምፃቸውን ሰምቶ ማወቅ ይችል ነበር፤ ግን የኪነ ጥበብ ሰው ስለነበር የጤናዋን ደዋይ አላወቃትም።

«ተቀበል!» አሉ።

«አቤት እማማ!» አለ አዝማሪው።

«መርከቧም በገመድ ተጎትታ ወጣች፣
የኛ ቧንቧ ውሃ ወዴት ሄዳ ታጣች?»

አዝማሪ የተሰጠውን መቀበል ሙያው ነው። ተቀበለ። ደገመው። ጣፈጠውና ሠለሰው። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ምላጩን አስቀመጠ። መስመሩን መቁረጥ ዋጋ አልነበረውም፤ ግጥሙ ቀድሞ ስቱዲዮ ገብቷል።

በነጋታው የኪነ ጥበብ ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዋሽንት ብቻ ሆነ። ማታ ልጃችን ጉሮሮውን ጠረገና፣ ስዊዝ ላይ ተራ ሲጠብቁ ስለከረሙት ከ300 በላይ መርከቦች ይተነትን ጀመር። የሰማሁት በሰው ስልክ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።