ያልተበላሸው ነገር የማን ሥራ ነው?

የዩኒቨርሲቲ ምርምርን የሚደግፉ ሠራተኞችን በየዓመቱ አወዳድሮ መሸለም እየተለመደ መጥቷል። የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች፣ የምርምር ፋይናንስ ባለሙያዎች፣ የመረጃ አስተዳዳሪዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ጸሐፊዎች ወደ መድረክ ተጠርተው የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ እንዲያውም ዘግይቶ የመጣ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተሸላሚው የሚመረጥበት መንገድ ነው። የተለመደው የጥቆማ ቅጽ ዕጩው ያከናወነው የላቀ ተግባር እንዲተረክለት ይፈልጋል፤ የምርምር ድጋፍ ግን በተሳካ ቁጥር የሚተረክ ነገር የማይተው ሥራ ነው።

የደምና የዘረመል ናሙናዎች የሚቀመጡበትን፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር እንውሰድ። የአየር ማጣሪያው አቧራ ከያዘ ማሽኑ ሙቀቱን በአግባቡ ማስወጣት ስለማይችል ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዣ ሞተሩ) ያለ ዕረፍት እየሠራ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። በበሩ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው በረዶ ደግሞ የበሩ ጎማ አጥብቆ እንዳይገጥም ያደርጋል። ጠንቃቃ ቴክኒሻን ማጣሪያውን በየጊዜው ያጸዳል፣ በረዶውን ይፍቃል፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉ በትክክል መሥራቱን ይፈትሻል፣ የትኛው ሳጥን በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ መዝግቦ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ ባዶ ፍሪዘርም አቀዝቅዞ ያቆያል። ይህን ሁሉ ለአሥር ዓመት ቢያደርግ ምን ይፈጠራል? ምንም። ናሙናዎቹ ዛሬም እንደ ትናንቱ በቦታቸው አሉ፤ ተመራማሪዎቹም ፍሪዘር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ልብ አይሉም።

በሌላው ሕንፃ ማጣሪያው ለዓመታት ሳይጸዳ ቆይቶ ፍሪዘሩ በእኩለ ሌሊት ይቆማል። የዚያ ሕንፃ ቴክኒሻን ከመኝታው ተነሥቶ፣ ደረቅ በረዶ (ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከያለበት አሰባስቦ፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሲያጓጉዝ ያድራል። ይህ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም፣ ባለ ታሪክም አለው። የጥቆማ ደብዳቤው ራሱን በራሱ ይጽፋል ማለት ይቻላል። የሌሊቱ ልፋት ምስጋና የሚገባው መሆኑን ማንም አይክድም፤ ኮሚቴው ግን ሌሊቱን የሚያስመሰግነው ቀኑ ሳይሠራበት በመቅረቱ መሆኑን ሳይጠይቅ ከሸለመ፣ ለሌሎቹ ሠራተኞች የሚያስተላልፈው መልእክት የተገላቢጦሽ ይሆናል።

በቢሮ ሥራም ያው ነው። ጎበዝ የምርምር ፋይናንስ ባለሙያ ለጋሹ የማይቀበለውን ወጪ ገና ፕሮፖዛሉ ሳይላክ ከበጀቱ ታወጣለች፤ በመካከሉም ከፕሮፌሰሩ ጋር ትጨቃጨቃለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲተሩ መጥቶ ምንም ሳያገኝ ሲሄድ ያንን ጭቅጭቅ የሚያስታውሰው የለም፤ ከታወሰም «አስቸጋሪ ሴት ነች» በሚል ነው።

ስለዚህ ዕጩ የመጠቆም መብት ለክፍል ኃላፊዎችና ለዋና ተመራማሪዎች ብቻ መተው የለበትም። ኃላፊው የሚያየው ወደ እሱ የደረሰውን ችግር ነው፤ ከሥር የቀረውን አያይም። አንድ ቴክኒሻን ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠንቅቀው የሚረዱት አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው፤ መሣሪያውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ፣ የተበላሸ ውጤት ከትክክለኛው በምን እንደሚለይ ያሳያቸው እሱ ነውና።

የአሜሪካዊው የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን የቪቪየን ቶማስ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ቶማስ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሐኪሙ የአልፍሬድ ብላሎክ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ሲቀጠር የተመደበበትም የተከፈለውም በጽዳት ሠራተኛ መደብ ነበር። በኋላ ብላሎክን ተከትሎ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከተፈጥሯዊ የልብ ጉድለት የተነሣ ደማቸው በቂ ኦክስጅን የማያገኝ ሕፃናትን ለመታደግ የታሰበውን ቀዶ ሕክምና በቤተ ሙከራ በውሾች ላይ እየሞከረ ዘዴውን አበጀ። ኅዳር 1944 የመጀመሪያዋ ሕፃን ስትታከም ከብላሎክ ኋላ ቆሞ እያንዳንዱን ስፌት ይመራ የነበረው እሱ ነው። በ1945 ውጤቱን ለዓለም ያበሠረው ጽሑፍ ግን በብላሎክና በሕፃናት የልብ ሐኪሟ በሄለን ታውሲግ ስም ሲወጣ ቶማስን አላነሣም። ጆንስ ሆፕኪንስ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1976 ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ምስሉ ተሥሎ ለተቋሙ እንዲሰጥ ያደረጉት እጃቸውን ይዞ ያስተማራቸው ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ተቋሙ ያላየውን ተማሪዎቹ አይተውታል።

የጥቆማውን በር መክፈት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው በተሠራበት ጊዜ መመዝገብ አለበት። በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሳይንቲስቶቹ ኤንሪኮ ፌርሚ፣ ጆን ፓስታና ስታኒስላቭ ኡላም ማኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ያደረጉት ሙከራ ለዛሬው የኬኦስ (ለመተንበይ የሚያዳግቱ ሥርዓቶች) ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። የ1955ቱ ሪፖርት ሽፋን ሥራውን የሠሩት አራት ሰዎች፣ ሪፖርቱን የጻፉት ደግሞ ሦስት መሆናቸውን ለይቶ ያስቀምጣል። አራተኛዋ ስሌቱን ለማሽኑ ያዘጋጀችው ሜሪ ሲንጉ ነበረች። ሙከራው ለአምስት አሥርት ዓመታት በሦስቱ ወንዶች ስም ሲጠራ ኖሮ በ2008 አንድ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ የእሷም ስም እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ማቅረብ የተቻለው ሽፋኑ ላይ ስሟ ሰፍሮ ስለነበረ ነው። ያ አንድ መስመር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሳት ነበር?

አሁን ለዚህ ምዝገባ የሚሆን መሣሪያ ተበጅቷል። ብዙ የምርምር መጽሔቶች የሚጠቀሙበትና በ2022 እንደ ደረጃ የጸደቀው ክሬዲት የተባለው ሥርዓት የአንድን ጥናት አስተዋፅኦ በ14 ሚናዎች ይከፍላል፤ ሶፍትዌር መሥራት፣ መረጃ ማደራጀትና ፕሮጀክት ማስተዳደር ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በበኩሉ አስተዳደራዊ ድጋፍ ብቻ የሰጠ ሰው ደራሲ ተብሎ እንዳይጠቀስ፣ ነገር ግን በምስጋናው ክፍል አስተዋፅኦው ተገልጾ እንዲሰፍር ይመክራል። በዚህ እስማማለሁ። ደራሲነት ለጽሑፉ ተጠያቂነትን ስለሚያስከትል እንደ ስጦታ ሊታደል አይገባም። ቅር የሚለኝ የምስጋናው ክፍል ሲጻፍ ነው። «ለቴክኒክ ድጋፍ ላደረጉልን ሁሉ እናመሰግናለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያመሰግንም። እገሌ የመለኪያ መሣሪያውን አስተካክሎ ናሙናዎቹን አነበበ፣ እገሊት የመረጃ ቋቱን ሠርታ ስሕተቶቹን አጣራች ተብሎ ሲጻፍ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ለዕድገት ማመልከቻም ሆነ ለሽልማት ጥቆማ ማስረጃ ይሆናል።

ገንዘቡ ለደመወዝ ጭማሪ ይዋል እንጂ ሥነ ሥርዓት ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። በአንድ መደብ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ወደላይ የሚወጣበት መሰላል የሌለው ባለሙያ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ቢሰጠው በፌዝ ቢቀበለው አይፈረድበትም። በብሪታንያ በ2017 የተጀመረውና ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት የቴክኒሻኖች ቃል ኪዳን ዕውቅናን ከሥራ ዕድገት ጋር አያይዞ ማስቀመጡ ተገቢ የሆነውም ለዚህ ነው። ሆኖም ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴም ቢሆን የሚወስነው በተጻፈ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በአግባቡ የተዘጋጀ የሽልማት ሂደት ደግሞ ያንን ጽሑፍ ያስገኛል።

እንግዲህ ቅጹ ይለወጥ። «ዕጩው ምን ፈጸመ?» ከሚለው ጎን «ይህ ሰው ለስድስት ወር ባይኖር ምን ይቆማል?» የሚል ጥያቄ ይግባበት። የመሣሪያ ጥገና መዝገብ፣ ያለ እርማት የጸደቁ የሥነ ምግባር ማመልከቻዎች፣ ያለ ጥያቄ የተዘጉ የፕሮጀክት ሒሳቦች እንደ ማስረጃ ይቆጠሩ። ሽልማቱን በየዓመቱ ለየክፍሉ በተራ ማደሉም ይቅር፤ ተራ የደረሰው ሰው ራሱ ተራው ስለደረሰ መሸለሙን ያውቀዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ዕጩው ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት የሚለው አንቀጽ ካለ ይሰረዝ። ብዙ የምርምር ድጋፍ ሠራተኞች ደመወዛቸው ከፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈል፣ ኮንትራታቸው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ናቸው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መረጃውን አደራጅተው፣ ናሙናውን አስረክበው፣ የመጨረሻውን ሪፖርት አዘጋጅተው ይለቃሉ። የጥቆማው ጊዜ ሲደርስ በሠራተኛ ዝርዝር ላይ ስለማይገኙ፣ ውል ካለቀ በኋላም ቢሆን ቢያንስ ለአንድ ዓመት መጠቆም እንዲቻል ደንቡ በግልጽ ሊፈቅድ ይገባል።